ድምፄ የተዘጋበት ጥቅምት

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 4። ጠዋት 2 ሰዓት

ሊጡ ኩፍ ብሏል። ከሰሉ ግን እንቢ አለ፤ ረጥቧል። ዝናቡ ከትናንት ወዲህ አላባራም። ጥቅምት ገብቶም መቱ ክረምቷን አልጨረሰችም።

ደረጀ ትናንት አመሻሽ ላይ ከዳሪሙ ገባ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ። እንደ ልማዱ ሰኞ ማለዳ ይመለሳል። የእሱ የግብርና ሥራ እዚያ፣ እኔና ልጃችን ሜሮን እዚህ። ስለዚህ ቅዳሜ የዳቦ ቀን ነው። ግማሹ ለቤት፣ ግማሹ ለእሱ ስንቅ። ዓርብ ላይ ድንጋይ እንደሚሆን ያውቃል። ቢሆንም ሌላ ዳቦ አይገዛም።

ሜሮን ኮባውን እንድታቀብለኝ ልጠራት አፌን ከፈትኩ። ምንም። እንደገና ሞከርኩ። በር ሥር የሚገባ ንፋስ የመሰለ ነገር ወጣ። ደ. ከአልጋው ሆኖ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል። ስደጋግመው ተነሥቶ መጣ።

ድምፄ ት/ቤት ከተከፈተ ጀምሮ ጎርንኖ ነበር። ጉንፋን ነው እያልኩ ገፋሁት።

ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ዱቄት ይዛ ከሱቋ መጣች። አፌን አስከፍታ ጉሮሮዬን እንደ ጉድጓድ አጎንብሳ አየች። ዝንጅብል በማር አዘዘች። ማሩ የያዮ ከሆነ ሁለት ቀን አይፈጅም አለች።

11 ሰዓት። ዳቦው ወጣ። ከታች ትንሽ አረረ፣ ከላይ አምሯል። ማሩንም ጠጣሁ። ሰኞ ክፍል እገባለሁ። አለቀ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 6

አላለቀም።

5ኛ ለ፣ 2ኛ ክ/ጊዜ፣ አማርኛ። ገና ቀኑን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። እዚህ አገር ያስተማረ ሰው ያውቀዋል። ድንጋይ ከላይ የሚዘረግፉብህ ይመስላል። ሌላ ጊዜ ከዝናቡ በላይ እጮኻለሁ። ዓመታት ሙሉ ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ እንዲያውም የምኮራበት ነበር። መምህራን ክፍል ውስጥ «የአስቴር ድምፅ ገበያ ድረስ ይሰማል» ይሉኛል።

ዛሬ አፌን ከፈትኩ፣ የሰማ የለም። ልጆቹ መጀመሪያ ጠበቁ፣ ቀጥሎ ተያዩ፣ ቀጥሎ ሳቁ። አንዷ ለጓደኛዋ «ሰገሌ ሂን ቀብዱ» አለች፤ ድምፅ የላትም። እውነቷን ነው።

ር/መምህሩ አቶ ግርማ በመስኮት አይቶ ገባ። እጄን ይዞ አስወጣኝ፣ እንደ በሽተኛ። ነገ ሆስፒታል ሂጂ አለኝ። ልጆቹን ወደ ጋሽ ታደሰ ክፍል ወሰዷቸው፣ 5ኛ ሀ። አንድ ወንበር ላይ አራት አራት ሆነው ሲታጨቁ በበሩ አየሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 7። ከሰዓት

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ምላሴን በፋሻ ይዛ በትንሽ መስተዋት ውስጤን አየች። የድምፅ አውታሮቼ ላይ መጅ አለ አለችኝ፤ ዶማ የያዘ እጅ መጅ እንደሚያወጣው። ከመጮህ የመጣ ነው። መድኃኒቱ ዝምታ። ሁለት ሳምንት። ሹክሹክታም አይፈቀድም፤ እሱ ይብሳል። ማልቀስም፣ ጉሮሮ መጥረግም። ካልጠፋ ጅማ ሄዶ መቆረጥ አለበት።

አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ እንዳለ ጠየቀችኝ። ወረቀት ላይ ጻፍኩላት። አየችውና ተሳስቼ እንደሆነ ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ።

ከዚያ ት/ቤት። አቶ ግርማ መጥፎ ሰው አይደለም። ፈቃዱን ወዲያው ፈረመ። ቀጥሎ ግን ወንበሩን ወደ እኔ ስቦ፣ ንብረት ክፍሉ ሰው እንደሚፈልግ ነገረኝ። መጽሐፍ ማውጣት፣ ጠመኔ ማደል፣ ቁልፍ መያዝ። ድምፅ አይጠይቅም። ደመወዙ ያው። አስቢበት አለ። በዚያ ላይ በወሩ መጨረሻ ሱፐርቫይዘር ይመጣል፣ ክፍሎቹ መምህር ይኑራቸው አለ። መምህር አለ እንጂ አንቺ አላለም።

ራሴን ነቀነቅሁ። አዎም አይደለም፣ እምቢም አይደለም። ዲዳነት ለዚህ ይመቻል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

ስሚ ማስታወሻዬ። ከእንግዲህ ጮክ ብዬ የማወራው ካንቺ ጋር ብቻ ነው።

ቤት ውስጥ ሁለተኛ ቀኔ። ምስር ለቀምኩ፣ መጋረጃ አጠብኩ፣ የማይደርቅ። ሜሮን ከት/ቤት ስትመለስ ስለ ውሎዋ እንደ ወትሮው በጥያቄ አላጣደፍኳት፤ ስለማልችል። ዝም ብዬ ድንች ስልጥ ራሷ ጀመረችው። ሒሳብ ፈተና እንደከበዳት፣ ከጓደኛዋ ጋር እንደተኳረፈች፣ ምክንያቱን፣ የምክንያቱን ምክንያት። ድንቹ አልቆም አልጨረሰችም። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ይህን ያህል ስታወራኝ አላስታውስም።

ሰው ሁሉ ይጮህብኛል። መንገድ ላይ፣ ሱቅ። ድምፄ ሲጠፋ ጆሮዬም አብሮ የጠፋ ይመስላቸዋል። እትዬ ዘሃራ ብቻ በልኩ ታወራኛለች። «ዝም አይነቅዝም» አለችኝና የራሷን ወሬ ቀጠለች።

5ኛ ለ ልጆች አሁንም ጋሽ ታደሰ ክፍል ናቸው። ወለል ላይ የሚቀመጡ አሉ አሉ።

ሐኪሟ አትናገሪ አለች። አታስተምሪ አላለችም።

ሰኞ እገባለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 11። 10 ሰዓት

ዛሬ ዳቦ የጋገረው ደ. ነው። አንቺ እረፊ አለ። ቁጭ ብዬ በእጄ ምልክት ልመራው ሞከርኩ። ጥቂት እርሾ በጣቶቼ አሳየሁት፣ እሱ ጭብጥ ሙሉ ገባው። ሊጡ ከሳፋው ወጥቶ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ሁለተኛ ሳፋ አመጣ። ጥቁር አዝሙዱን ረሳው። ብረት ድስቱ ላይ ከላይ ፍም ጨምር ስለው ሁሉንም ጨመረ። ሜሮን ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እኔ መሳቅ አልችል፣ ትከሻዬ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

የወጣው ነገር ከውጭ ከሰል፣ ከውስጥ ሊጥ። መሀል ላይ አንድ ቀለበት ያህል ዳቦ አለ። እሱን በላን።

ከበላን በኋላ ስለ ንብረት ክፍሉ ነገርኩት፤ በወረቀት። ፊቱ በራ። ተቀበዪ አለኝ። ሰኞ እንደምገባ ጻፍኩለት። የበራው ፊቱ ጠፋ።

እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ይመልሳል። ጸብ በወረቀት ሲሆን ይገርማል፤ ተጽፎ እስኪያልቅ ንዴቱ ይበርዳል። የእሱ ግን አልበረደም። ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ቆመና ጀርባውን ሰጥቶኝ እንዲህ አለ፦ «ልጆቹ ድምፅሽን ይወስዱታል። እኛ ጋ የሚደርሰው ትራፊው ነው። ዓርብ ስመጣ የማገኘው የደከመች ሴት ነው አስቴር። እሱን እንኳ ሊወስዱት ነው።»

ብዕሩን አስቀመጥኩ። ሜሮንን አየኋት። አጎንብሳ ሳፋውን ትፍቃለች፤ አልተቃወመችውም።

ያማል። ልክ ነው። ልክ መሆኑ ንብረት ክፍል አያስገባኝም ግን።

ሰኞ፣ ጥቅምት 13

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። በቅደም ተከተል።

ገባሁ። ተነሡ። ሰሌዳው ላይ በትልልቁ ጻፍኩ፦ «ሐኪም እንዳልናገር አዝዛኛለች። ጆሮዬ ግን ይሰማል። ዛሬ የምታነቡት እናንተ ናችሁ።» ዞርኩና ጠበቅሁ።

ዝም። ሰሌዳውን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ። ትምህርት እስኪጀመር እንደሚጠብቁ ልጆች። ሃዊ ናት ያዳነችኝ። ሃዊ እያልኩ በቀን ሦስቴ የምገሥጻት፣ ሹክ ስትል እንኳ ግቢው የሚሰማት ልጅ። ተነሥታ አነበበችው፤ ከዚያ ለሌሎቹ በኦሮምኛ ተረጎመችላቸው። ያኔ «ኣ!» አሉ።

አማርኛ ለእነዚህ ልጆች አዲስ ነው። ቤታቸው ኦሮምኛ፣ ትምህርታቸው በላቲኑ ቁቤ። ፊደልን ያገኙት ዘንድሮ ነው። አውቃለሁ፤ ግን ድምፄ ከመጥፋቱ በፊት የነበረው ምንባብ የንብ ነበር፣ በአንድ ድምፅ ሲያነቡት ክፍሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ እነሱ አንድ ዓረፍተ ነገር። ስወጣ ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት።

ምንባቡን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ዘንጉን አነሣሁ። «ንቦች በቀፎ ውስጥ ይኖራሉ» ላይ አሳረፍኩ። ከፊት ያሉ ጥቂቶች አነበቡ። ሌላው ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ከኋላ ወንበር ገመቹን ጠራሁት፣ በጣቴ። ዘንጉን ሦስተኛው መስመር ላይ አደረግሁ፤ ስለ ማር የሚለው። ገመቹ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከመጀመሪያው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ፣ ሳይሳሳት አለው። በቃሉ። ዘንጉ ማር ላይ፣ እሱ ቀፎ ላይ። ጨርሶ በኩራት ተቀመጠ። የእኔን አነባበብ፣ የእኔን እረፍት፣ የእኔን ሳል ሳይቀር ይዞታል።

ሌላ ጠራሁ። ያው። ሌላ። ያው።

ሲያነቡ የኖሩት ፊደሉን አይደለም፤ እኔን ነው። ድምፄ ሲጠፋ መጽሐፉ ተዘጋባቸው።

ያለፉት ዓመታት ልጆችስ? እሱን ዛሬ አላስብም።

ማልቀስ አምሮኝ ነበር። እሱም ተከልክሏል። ነገ ወንበሮቹን አዘዋውራለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 15

ሁለት ሁለት አድርጌ አስቀመጥኳቸው፤ የሚያነብ ከማያነብ ጋር። አንዱ ጣቱን ቃሉ ላይ ያደርጋል፣ ሌላው ያነባል። ይቀያየራሉ። እኔ በየወንበሩ እየዞርኩ ቁጢጥ እላለሁ፣ ጆሮዬን አቀርባለሁ፣ እያንዳንዱ አንድ መስመር ያነብልኛል። በክ/ጊዜው ሁሉንም አላዳርስም። የቀሩትን ነገ።

አዲስ ነገር፦ አንዳንዶቹን ልጆች በዚህ ርቀት አይቼያቸው አላውቅም። አንዷ የቀኝ ዓይኗ በደንብ አያይም፤ መጽሐፉን ወደ ግራ ታዘነብላለች። ከፊት አስቀመጥኳት።

ዝናብ መጣ፣ እንደ ልማዱ። ሌላ ጊዜ ዝናብ ሲመጣ ወይ እጮህ ነበር፣ ወይ እጃችንን አጣጥፈን እንጠብቅ ነበር። ዛሬ ራስ ለራስ ገጥመው ማንበባቸውን ቀጠሉ። ጆሮ ለአፍ ሲቀርብ ዝናብ ምን ያደርጋል። ቆሜ አየኋቸው።

አቶ ግርማ ግን በመስኮት ያየው ሌላ ነው። ሁሉም ያወራል፣ መምህሯ መሬት ላይ ቁጢጥ ብላለች። ቢሮው ጠርቶ ሥርዓት እንደጠፋ ነገረኝ። የአንዷ ልጅ አባትም ከሥራ ቀርቶ መጥቷል፤ ልጄን ዲዳ ታስተምራታለች ወይ ብሎ። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። አቶ ግርማ አፈረ፣ ሰውየውም መስማቴን ሲያውቅ አፈረ። ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩለት፦ ሐሙስ ከልጅዎ ጎን ይቀመጡና ታንብብልዎ። አነበበው፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

እግሬ ደንዝዟል። ድካሙ ያው ነው። ጉሮሮዬ ግን አላቃጠለኝም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 16

አባትየው መጣ። ትንሿ ወንበር ላይ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ ተቀመጠ። ልጁ አነበበችለት፤ አንድ መስመር በብዙ ጭንቅ፣ በላብ። ሲወጣ በር ላይ ቆም ብሎ «ጀባዱ» አለኝ። በርቺ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 18። ከሰዓት

ደ. አልመጣም። መንገዱ ተቆርጧል፤ አይሱዙ ጭቃ ውስጥ ገብቶ መንገዱን ዘግቶታል ብሎ ደወለ። ያወራችው ሜሮን ናት። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ትንፋሹን ሰማሁ፣ እሱም የእኔን። «አለሽ?» አለኝ። ስልኩን በጥፍሬ መታሁት፤ አለሁ ለማለት።

ስለዚህ ሊጥ ተረፈኝ። እትዬ ዘሃራ ሱቋን ለእህቷ ልጅ ትታ መጥታ ነበር። ሊጡን እያየሁ ሐሳብ መጣልኝ፤ ለልጆቹ ፊደል ብጋግርስ? እየጠቀለልን ሠራን። በ፣ ሰ፣ ለ፣ ከነቤተሰቦቻቸው። እትዬ ዘሃራ ቁርኣን በዓረብኛ እንጂ ፊደል አልተማረችም፤ ምልክቱን ከወረቀት እያየች ከእኔ አሳምራ ጠቀለለች። እያንዳንዱን ስትጨርስ ይሄ ማን ይባላል ትለኛለች፣ ሜሮን ትመልስላታለች።

ጋገርናቸው። አበጡ። በ እግሮቹ ተጣብቀው ዐ ሆነ። ሰና ለ መንታ ሆኑ። ቡ ምን እንደሆነ ፈጣሪ ይወቅ። እትዬ ዘሃራ ሳፋውን አይታ ይሄ ፊደል አይደለም፣ ድንች ነው አለች።

ቢሆንም ሰኞ እወስደዋለሁ። ዳቦ ነው፤ ቢያንስ ይበላል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 20

ለየጥንዱ አንድ አንድ ሰጠሁ። ሰሌዳው ላይ፦ «ይህ ማነው? ሳትስማሙ አትብሉ።»

ጦርነት። ገመቹ ሰ ነው አለ፣ ጓደኛው ለ ነው አለ። መጽሐፍ ተገለጠ። ጭንቅላቱን እይ፣ እግሩን እይ፣ አብጦ ነው እንጂ ይሄ አናቱ ላይ ሰረዝ ነበረው። ክፍሉ ሁሉ ፊደል በእጁ እያገላበጠ ይከራከራል። ሃዊ ዳኛ ሆና ከወንበር ወንበር ትዞራለች። ጋሽ ታደሰ ከጎረቤት ክፍል ብቅ ብሎ ምን ሆናችሁ አለ። አንድ ጉራጅ ዳቦ ሰጡት። ቆሞ በላ።

በመጨረሻ ገመቹን ምንባቡ ላይ ሰ እንዲያሳየኝ በምልክት ጠየቅሁት። ጣቱ መስመሩን ተከትሎ ሄደ፣ አለፈ፣ ተመለሰ፣ ቆመ። «ይኸውና» አለ። ፊደል በራሱ ፈልጎ ሲያገኝ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 21

ሁለት ሳምንቱ ሞላ። ሆስፒታል።

ሐኪሟ አሁንም በመስተዋቷ አየች። ቀንሷል፣ አልጠፋም። ከዛሬ ጀምሮ ጥቂት ጥቂት ተናገሪ አለች፤ ዝግ ብለሽ፣ በቅርብ ላለ ሰው። መጁ ግን መቆረጥ አለበት፤ ለጅማ ጻፈችልኝ። የድሮው ድምፄ ይመለስ እንደሆነ ጠየቅሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገርኩት ይህንን ነው። ድምፁ የእኔ አይመስልም፣ የአባቴ ይመስላል፤ ወፍራም፣ ሻካራ። ሐኪሟ አልዋሸችኝም። ላይመለስ ይችላል። የምትናገሪበት ድምፅ ይኖርሻል፣ የምትጮሂበት ግን አይኖርሽም አለች።

ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ገበያ ድረስ የሚሰማው ድምፄ። ይኸው ሄደ። እሱን ማልቀስ ተፈቅዶልኝ እንደሆነ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ት/ቤት ስመለስ አቶ ግርማ የንብረት ክፍሉን መልስ ፈለገ። ሌላ የሚፈልገው ሰው አለ፣ እስከ ሰኞ ንገሪኝ አለ። ሱፐርቫይዘሩ ደግሞ ሐሙስ ይመጣል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 23

መጣ። ዕድሜው የገፋ፣ ጥንቁቅ ሰው። ጃንጥላውን አጥፎ ከኋላ ተቀመጠ፣ ገመቹ አጠገብ። መመልከቻ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ቅጹን አውቀዋለሁ። ከመጀመሪያዎቹ ነጥቦች አንዱ፦ የመምህሩ ድምፅ ለሁሉም ተማሪ ይሰማል ወይ?

ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገርኩ፣ ከፊት ላሉት። የኋላዎቹ አልሰሙም። ሃዊ አስተላለፈች። ጥንድ ጥንድ ሆነው ጀመሩ። ዝናቡ እንደ ቀጠሮ መጣ። ሱፐርቫይዘሩ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፣ ከዚያ እኔን፤ ምን ልታደርግ ነው ብሎ። ምንም አላደረግሁም። ልጆቹ ተጠጋጉ።

ትንሽ ቆይቶ ጎንበስ ብሎ ገመቹን አንብብልኝ አለው። ያልተማርነውን ገጽ ገልጦ። ተጠጋሁ። ቆሜ ከንፈሩን እከተላለሁ። ጣቱን አኖረ። በጣም ዘገየ። አንድ ቃል ዘለለ፣ ተመለሰ፣ አንዱን ተሳሳተ፣ ሱፐርቫይዘሩ ዝም ሲለው ራሱ አረመው። አንድ መስመር። ከዚያ በላይ አልሄደም። ላቡን በእጅጌው ጠረገ።

ከክፍል በኋላ ቢሮ። ሱፐርቫይዘሩ በሀቅ ተናገረ። ድምፅ፦ ዝቅተኛ። የክፍል ሥርዓት፦ ጫጫታ አለ። ይህን ልቀይረው አልችልም፣ ያየሁት ነው አለ። አቶ ግርማ ወደ እኔ አየ፤ ንብረት ክፍሉን በዓይኑ ነገረኝ። ሱፐርቫይዘሩ ግን ብዕሩን ዘግቶ እንዲህ አለ፦ «ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ያልተማረውን ሲያነብልኝ በዚህ ዙር የመጀመሪያዬ ነው። ለእሱ የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ የለም።» ጃንጥላውን አንሥቶ ወደ ጎረቤታችን ቡሬ ሄደ።

ውጤቱ ዝቅተኛ ነው። ይጻፍ። ዝቅተኛ።

ገመቹ አንብቧል። ይህም ይጻፍ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 25። 9 ሰዓት

መንገዱ ተከፈተ፤ ደ. ትናንት ገባ። በር ላይ «እንኳን ደህና መጣህ» አልኩት፣ በአዲሱ ድምፄ። ቦርሳውን እንደያዘ ቆመ። ማን ናት ይህች አላለም። ቀስ ብሎ ቦርሳውን አስቀመጠ።

ዛሬ ዳቦውን አብረን። እርሾውን እኔ። ፍሙን እሱ፣ በእኔ ቁጥጥር። ሊጡን እያሸሁ ነገርኩት፤ በቃሌ፣ ጥቂት ጥቂት እያረፍኩ። ጅማ እሄዳለሁ። ንብረት ክፍል አልገባም። ከሁለት ሳምንት በፊት ያልከው እውነት ነው፤ ትራፊው ነበር የሚደርሳችሁ። ግን ድምፄን የወሰዱት ልጆቹ አይደሉም፣ ጩኸቱ ነው። ሁለት ሳምንት ሳልጮህ አስተማርኩ። ከበፊቱ የተሻለ አስተማርኩ። ከእንግዲህ አልጮህም፤ ቢመለስልኝም አልጮህም።

ፍሙን በመቆስቆሻ ይነካካል። ደግሞ ብትታመሚስ አለ። ያኔ ቁልፉን እቀበላለሁ አልኩት። ቃል ነው አለ። ቃል ነው።

ከዚያ ፈቃድ እንደሚጠይቅና ጅማ አብሮኝ እንደሚሄድ ነገረኝ። ሜሮን ከጓዳ ሆና እኔስ አለች። እትዬ ዘሃራ ጋ ትቆያለች። ደስ አላት፤ እዚያ ቴሌቪዥን አለ።

ዳቦው ጥሩ ነው። አንድ ጎኑ ብቻ አረረ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 27

ጠዋት፣ ደወል ሳይደወል፣ አቶ ግርማ ቢሮ። ወንበር ሰጠኝ፣ አልተቀመጥኩም። እንዲህ አልኩት፦ «ጋሼ፣ ቁልፉን ለሚፈልገው ሰው ይስጡት። እኔ ክፍል አለኝ።»

ቀጣዩስ ምልከታ ዝቅተኛ ቢሆን አለ። ይሆናል አልኩ፤ የድምፁ ነጥብ ሁልጊዜ ዝቅ ይላል። በሰኔ ግን ከኋላ ወንበር ማንን ቢያስነሡ ያነብልዎታል። ካላነበበ ያኔ ራሴ ቁልፉን እጠይቃለሁ። ጫጫታውን ቀንሺልኝ አለ በመጨረሻ። እሞክራለሁ አልኩ። አልዋሸሁም፤ እሞክራለሁ።

እኔ እስክመለስ 5ኛ ለን ጋሽ ታደሰ ይይዛል። ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ ሰው ነው፤ ድምፁ እንደ ደወል። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፦ አታንብብላቸው፣ ይጠብቁሃል፣ አንተም ጠብቃቸው። እንዴት ሆኜ ዝም እላለሁ አለ። ከባድ ነው አልኩት። መጀመሪያዎቹ ቀናት በጣም ከባድ ናቸው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 30። መናኸሪያ፣ ንጋት

አውቶቡስ ውስጥ። ደ. ሻንጣውን ጣሪያ ላይ እያስጫነ ነው። መስኮቱ በእንፋሎት ተሸፍኗል። በበደሌ አድርገን ማታ ጅማ። ነገ ሐኪሙ ያየኛል። ከዚያ ዝምታው እንደገና፤ እንዴት እንደሚሆን አሁን አውቀዋለሁ። ፈርቻለሁ። ቢላዋውን ሳይሆን ስነቃ የሚመጣውን ድምፅ። ቢሆንም የመጣው ይምጣ፤ እመለሳለሁ፣ በመጣው እሠራለሁ። ወስኛለሁ፤ አልመክርበትም።

አጠገቤ ያሉት ሴትዮ የቡሬ ናቸው። ልጃቸውን ለመጠየቅ ይሄዳሉ። ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። መምህርት ነኝ አልኳቸው። ሞተሩ ተነሥቶ ስለነበር አልሰሙኝም። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። ጠጋ አልኩና ደግሜ ነገርኳቸው።